በካሴቱ ጉዳይ ጥፋተኛ አይደለህም ስለተባልኩ የቀረበ አቤቱታ

ቀን፦ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቁጥር፦ ማኅተምም መዝገብም ስለሌለኝ ቁጥር የለውም

ለክቡር ሐጂ አብዱልሃዲ አባፊጣ
የሄርማታና አካባቢው የፎቶና ቪዲዮ ሙያተኞች ማኅበር ሊቀመንበር
ቦሳ ኪቶ፣ ጅማ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ሰንብተዋል? የክረምቱ ብርድ ጉልበትዎን እንዳልነካብዎት፣ የቢሮዎ ጣሪያም ከአምናው ያነሰ እንደሚያፈስ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አላህ ዐይንዎን እንዲጠብቅልን ዱዓ አደርጋለሁ፤ ማኅበራችን ያለ እርስዎ ዐይን ምን ሊያይ እንደሚችል ማሰብ ይከብደኛልና።

እኔ ኡመይር አባቦራ እባላለሁ። እርስዎ ያውቁኛል፤ ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ ተለጥፎ አግኝቶ የሚያነብ መንገደኛ ግን ላያውቀኝ ስለሚችል ነው ራሴን የማስተዋውቀው። ከሄርማታ ገበያ ወደ መስጊዱ በሚወስደው መንገድ ላይ አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ወደ ዲቪዲ የሚገለበጥበት አንድ ጠባብ ሱቅ አለ፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ሙያውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ የምጽፍልዎ ሰኔ 26 ቀን በእርስዎ ፊርማና በማኅበሩ ክብ ማኅተም ተደግፎ የተሰጠኝን፣ «በቀረበበት ክስ ጥፋተኛ ሆኖ ስላልተገኘ በነጻ ተሰናብቷል» የሚለውን ወረቀት በተመለከተ ነው። እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ በደህና ደርሶኛል፤ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮም ሰው ፊት ቀና ብዬ መሄድ አቅቶኛል።

ሰው ሲፈረድበት ይግባኝ ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ስላልተፈረደብኝ ይግባኝ እጠይቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በማኅበሩ ደንብ ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ። ደንቡን ያረቀቁት እርስዎ ስለሆኑ ግን ለአንድ አሳፋሪ ደቀ መዝሙርዎ ሲሉ አንድ አንቀጽ ለመጨመር እንደማይቸገሩ እተማመናለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልንገረው። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሩፈይዳ የምትባል ሴት አንድ የቪዲዮ ካሴት በሻርፕ ጠቅልላ ወደ ሱቄ መጣች። ስሟን የምጠራው እርስዎ ውሳኔውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጥፉ «ከሳሽ» ብለው ከነአባቷ ስም ስላወጡት ነው፤ ከዚያ በኋላ እኔ የምደብቅላት ነገር አልቀረም። ካሴቱ አጋሮ የምትኖረው አክስቷ ሐጂራ በ1990 ዓ.ም. ስትዳር በሴቶች ወገን የተቀረጸ ነው። በእኛ አገር ሠርግ የሴቶቹ ወገን ለብቻው እንደሚቀመጥ፣ ቀራጯም ሴት እንደምትሆን፣ ያ ካሴት ከሴት እጅ ወደ ሴት እጅ እንጂ ወደ ወንድ እንደማይሄድ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የሩፈይዳ እናት ረይሃና በዚያ ሠርግ ላይ ነበረች፤ ሩፈይዳን አርግዛ ነበር። ልጇ አሥር ወር ሲሆናት ረይሃና ሞተች። ፎቶዋ አለ፤ ስትንቀሳቀስና ስትናገር የምትታይበት ግን ከዚህ ካሴት ሌላ የለም። ሩፈይዳ የእናቷን ድምፅ አታውቀውም። አክስቷ ሐጂራ ደግሞ ዐይኗ እየደከመ ነው፤ ጨርሶ ሳይጠፋ እህቷን አንድ ጊዜ ማየት ፈልጋለች። አክስትየዋ ቤት ያለው አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ስለሆነ፣ በፍላሽ ሳይሆን በዲስክ ይሁንልኝ አለችኝ።

በከተማው ውስጥ ሌላ ሱቅ ሞልቶ ሳለ ወደ እኔ የመጣችው ታፔላዬን አይታ ነው። ታፔላዬ ላይ «የሴቶች ወገን ቪዲዮ በሴት ባለሙያ ብቻ ይገለበጣል» የሚል መስመር ነበር። መስመሩ ሲጻፍ እውነት ነበር፤ ሳቢሪን የምትባል እጇ የተባረከ ባለሙያ አራት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ሳቢሪን ልጅ ወልዳ ሥራውን ከተወች ሦስት ዓመት አልፏል፤ መስመሩን ግን አላጠፋሁትም። ቀለም አጥቼ አይደለም። ደንበኛ የሚያመጣልኝ እሱ ስለሆነ ነው። ሩፈይዳ በሩ ላይ ቆማ «ማሎ ወንድሜ፣ እባክህ፣ ሴቷ አለች? አማና ነው፣ አደራ፤ ወንድ እንዳያየው» ስትለኝ፣ ዐይኔን በጨው ታጥቤ «አለች፤ ለምሳ ወጥታ ነው» አልኳት። ካሴቱን በሁለት እጇ አቀበለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ ውሸታም ነኝ፤ ግን የሰው ሴት ገልጬ የማይ ሰው አይደለሁም፤ ቢያንስ ያኔ አልነበርኩም። ስለዚህ የካሴት ማጫወቻውን ዴክ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ ካሴቱን ካስገባሁ በኋላ ስክሪኑን በጃኬቴ ሸፈንኩት። የሴቶቹ ድምፅም እንዳይሰማኝ ብዬ የድምፁን ገመድ ነቀልኩ። ከዚያ ፊቴን ወደ መንገድ አዙሬ፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም እያልኩ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ራሴን ትልቅ አደራ ጠባቂ አድርጌ ቆጥሬ ነበር፤ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። ካሴቱ ሻጋታ ነበረበት። ሃያ ሰባት ዓመት አጋሮ ውስጥ በቆርቆሮ ሳጥን ሆኖ ከቡና ጆንያ አጠገብ የተቀመጠ ካሴት ሻጋታ ባይኖረው ነበር የሚገርመው። ሻጋታው ገና ካሴቱ ሲነሣ ቴፑን የሚያነበውን የዴኬን ሄድ ደፈነው፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሬ የቀዳው እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ነው። የነቀልኩት ገመድ ደግሞ ድምፁን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባው ስለነበር ድምፅም አልተቀዳም። ጃኬቱን አንድ ጊዜ ገለጥ ባደርገው አውቅ ነበር። ሳቢሪንን ብጠራት ከምትኖርበት ከጅሬን በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይፈጅባትም ነበር። ያልጠራኋት፣ ሦስት ዓመት በእሷ ስነግድ እንደቆየሁ እንዳታውቅ ነው።

ጉዳዩ ይኸው ነው። ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዎቼንና ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ፤ የትኛው ምስጋና የትኛው ቅሬታ እንደሆነ መለየቱን ለሰፊው ልቦናዎ ትቻለሁ።

1ኛ. በሁሉም አባላት ሱቅ ላስቲክ ለብሶ እንዲሰቀል ስላዘዙት፣ «ዲስክ በርን ሲደረግ (ቪዲዮ ዲስክ ላይ ሲጻፍ) የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው» ስለተባለው ባለ ዘጠኝ አንቀጽ መመሪያዎ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በእሱ እየተመራሁ አራት ቀን ሙሉ ደክሜአለሁ። የመጀመሪያው ዲስክ ግማሽ ላይ ደርሶ ቆመ፤ አንቀጽ አንድ «የዲስኩን ዓይነት ቀይሩ» ስለሚል ቀየርኩ። ሁለተኛው ካለቀ በኋላ አልነበብ አለ፤ አንቀጽ ሁለት «ፍጥነት ቀንሱ» ስለሚል ከአሥራ ስድስት ወደ አራት አወረድኩት። ሦስተኛው ላይ መብራት ሄደ፤ አንቀጽ ሦስት «መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ሥራ አትጀምሩ» ይላል፤ መብራቱ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ አልፎታል። አራተኛው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራና ጎረቤቴ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ «ዲስክ የለም» ይላል፤ ለካ ሌላ ማጫወቻ እንዲያነበው መጨረሻ ላይ ዲስኩን መዝጋት ነበረብኝ፤ አንቀጽ አራት ነው ያስታወሰኝ። አምስተኛው በትክክል ወጣ። ከዚያ የተሻለ ዲስክ በዕድሜዬ በርን አድርጌ አላውቅም። እንከን የሌለው፣ በሥርዓቱ የተዘጋ፣ የትም ቢገባ የሚነበብ የሁለት ሰዓት ባዶ ነበር።

ዘጠኙም አንቀጾች የተጻፉት ስለ ዲስኩ ነው። ካሴቱ ሲዞር አንድ ሰው ስክሪኑን ይመልከት የሚል አንቀጽ የላቸውም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላል ገበሬው፤ እኔም ከሥሩ ያበላሸሁትን ከላይ ከላዩ ሳክም ሰነበትኩ። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ያልጻፉት ዐይኑን ከስክሪን የሚያዞር ባለሙያ በማኅበራችን ይገኛል ብለው ስላልጠረጠሩ ይሆናል፤ በኋላ እንዳየሁት አለመጠርጠርዎ ልክ ነው።

2ኛ. አንቀጽ ስድስት «ዲስኩን ከማስረከብዎ በፊት በሌላ ማጫወቻ ይፈትሹ» ይላል። ፈትሻለሁ። ከፊት ያስገባሁት፣ ጽጌረዳ ያለበት «የሐጂራ ሠርግ፣ አጋሮ» የሚል መክፈቻ ገጽ ቁልጭ ብሎ ሲመጣ ደስ ብሎኝ አጠፋሁት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለእኔ ዐይን አይደለማ። ሩፈይዳ ዲስኩን ይዛ አጋሮ ሄደች። ሐጂራ የዚያን ጊዜ ሚዜዎቿን ጠርታ፣ ወንዶቹን ከቤት አስወጥታ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተጠግታ ተቀመጠች። ጽጌረዳው ሲመጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ነጠብጣቡ መጣ። እልልታው ሲቋረጥ ሐጂራ «ያ ረቢ! እናንተ እያያችሁ ነው አይደል? የእኔ ዐይን ዛሬ አለቀ ማለት ነው» ብላ ማልቀስ ጀመረች። የተበላሸው ዲስኩ እንጂ ዐይኗ እንዳልሆነ ለማሳመን ብዙ ደከሙ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ሩፈይዳ ናት፤ የነገረችኝም ሳትቆጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የእኔን ስሜት እንዳትጎዳ እየተጠነቀቀች ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

3ኛ. «በደንበኛ ፊት አላውቅም ወይም አጥፍቻለሁ አይባልም» ስለሚለው አንቀጽ ዘጠኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። ይህን ያህል በታማኝነት የጠበቅኩት ሌላ አንቀጽ የለኝም። በመጀመሪያ በአንቀጽ አምስት መሠረት የማጫወቻችሁን ሌንስ አጽዱ አልኳት። አጽድተውም አልሆነምና ተመለሰች። ቀጥዬ ካሴቱ ከጥንቱም ባዶ ነበር አልኳት። «እሺ፣ ካየችው ሴት ጋር አገናኘኝ፤ ምን እንዳየች ከአፏ ልስማ» ስትለኝ ዛሬ አልገባችም አልኩ። በማግስቱም አልገባችም፤ በሳምንቱም አልገባችም። በመጨረሻ ሩፈይዳ ካሴቷን ተቀብላ ማኅበሩ ዘንድ ከሰሰችኝ። ደግ አደረገች።

4ኛ. ስለ ሰኔ 24 ቀኑ ስብሰባ የማመሰግንበት ቃል ያጥረኛል። አራቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት፣ እርስዎና እኔ በቢሮዎ ተሰበሰብን፤ ሩፈይዳም ቃሏን ሰጠች። ካሴቱ የሴቶች ወገን መሆኑን፣ ሴት ብቻ እንድታየው ለምና እንደነበር ተናገረች፤ አሁንም መመርመር ካለበት ሴት ትመርምረው፣ እኔም አብሬ ልሁን አለች። እርስዎም እንደ አባት ፈገግ ብለው፣ ሙያዊ ምርመራ ለባለጉዳይ ክፍት አለመሆኑን አስረዷትና ኮሪደር ላይ ወጥታ እንድትጠብቅ ጋበዟት። በሩ ተዘጋ። እርስዎ በደንብ የጸዳውን የማኅበሩን ዴክ ከፈቱ፣ ካሴቱን አስገቡ፣ የድምፁንም ቁልፍ እስከ መጨረሻው ጠመዘዙት።

ሥዕል መጣ። አርባ ሰከንድ ያህል ይሆናል። ማን ምን እንደለበሰ፣ ማን እንዴት እንደተቀመጠ እዚህ አልጽፍም፤ እንድናየው አልተፈቀደልንም ነበርና በድጋሚ ለመንገደኛ አላሳይም። አንዲት ነፍሰ ጡር እንደነበረች፣ መልኳም ኮሪደር ላይ ከተቀመጠችው ልጅ ጋር ቁርጥ እንደሆነ፣ አንድ ነገር ተናግራ ረጅም ሳቅ እንደሳቀች ብቻ እላለሁ። ከኮሚቴው አንዱ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለ። እርስዎ «የዱሮ ሴት እንዲህ ነበረች» አሉ፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔስ? እኔ በሱቄ ብቻዬን ሆኜ በጃኬት የሸፈንኩትን፣ ከአምስት ወንድ ጋር ቁጭ ብዬ አየሁት። ዐይኔን አላዞርኩም። «ክፈቱላት፣ ትግባ፣ እናቷ ናት» ማለት አራት ቃል ነው፤ አራቱን ቃል አላልኩም። እርስዎ ሊቀመንበር ነዎት፣ እኔ ተከሳሽ ነኝ፤ ፍርዱ ደግሞ ወደ እኔ ሲያጋድል ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ዴኩ ካሴቱን በላው። ቴፑ ከውስጥ ተጠቅልሎ ተጨማደደ፤ እርስዎም በእስክሪብቶ እየጎተቱ አወጡት። ምናልባት ያቺን ሴት ለመጨረሻ ጊዜ ስትንቀሳቀስ ያየናት እኛ ስድስታችን እንሆናለን፤ ከስድስታችን አንድም ዘመዷ የለም። ልጇ ከበሩ ወዲያ ነበረች።

5ኛ. በውሳኔዎ ላይ «ካሴቱን ከቡና ጋር በማስቀመጥ ለሻጋታ የዳረጉት ባለንብረቶቹ ሲሆኑ ባለሙያው የማኅበሩን መመሪያ በሙሉ ፈጽሟል» ተብሎ ተጽፏል። መመሪያውን መፈጸሜ እውነት ነው። ስለ ታፔላዬ ግን አንድም ጥያቄ አልተጠየቅኩም። ሴት ባለሙያ እንደሌለኝ ከእናንተ መካከል የማያውቅ አልነበረም፤ ሁላችሁም በሱቄ እያለፋችሁ ሰላም ስትሉኝ ሦስት ዓመት ብቻዬን አይታችሁኛል። የሚታወቅ ነገር መጠየቅ ነውር መስሏችሁ ይሆናል። በደንቡ መሠረት የነጻነት ወረቀቴን ሱቄ ውስጥ እንድሰቅል ስለታዘዝኩ ሰቀልኩት፤ ሰዎችም እየገቡ «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ። ይባስ ብሎ ወረቀቱን ያዩ ሦስት ሴቶች የሴቶች ወገን ካሴት አምጥተው ሰጡኝ፤ አንዷ ከሊሙ ድረስ ነው የመጣችው። ማኅበሩ የመሰከረለት ሰው ነው ብለው ነው። ካሴቶቹን መደርደሪያ ላይ ሳያቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ለእያንዳንዳቸው እውነቱን ነግሬ መልሼአለሁ። የሊሙዋ ሴት ካሴቷን ጠቀለለች፣ አየችኝ፣ ወጣች።

6ኛ. የሩፈይዳን ካሴት «በማስረጃነት» ለአንድ ዓመት በቢሮዎ የብረት ቁም ሣጥን እንዲቆለፍ ስላዘዙበት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ቁም ሣጥኑ የቆመው ጣሪያው በሚያፈስበት ጥግ ነው። ወሩም ሐምሌ ነው። ጅማ ውስጥ በሐምሌ ጫማ እንኳ አልጋ ሥር ሁለት ሳምንት ከተቀመጠ ምን እንደሚያበቅል ያውቁታል።

ባለፈው ሳምንት ጅሬን ወጥቼ ሁሉንም ለሳቢሪን ነገርኳት። «ሦስት ዓመት? በእኔ?» አለች። ኋላ የነገረችኝ በዘጠኙ አንቀጽ ያላገኘሁትን ነው፦ ሻጋታ ያለበት ካሴት እንዲሁ ዴክ ውስጥ አይገባም፤ ብሎኑ ይፈታል፣ ቴፑ በእጅ ቀስ እየተባለ ይጠረጋል፣ ወደ ሌላ ንጹሕ ካሴት ቤት ይዛወራል፣ የተጨማደደው ተቆርጦ ይቀጠላል። ሴት ናት፣ ሙያው አላት፣ ሩፈይዳን አጠገቧ አስቀምጣ ልትሠራውም ፈቅዳለች። ለእኔ ብላ እንዳልሆነ አስረግጣ ነግራኛለች። ምን ያህሉ እንደሚተርፍ አታውቅም፤ ክረምቱን እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ከከረመ ግን ምንም እንደማይተርፍ ታውቃለች።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ካሴቱን ዛሬውኑ ለሩፈይዳ ይመልሱላት። የግድ ማስረጃ የሚቆለፍ ከሆነ እኔ አለሁ፤ ካሴቱን አውጥተው እኔን ያስገቡኝ፤ ከዚህ በላይ አልሻግትም። የነጻነት ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሼልዎታለሁ። የታፔላዬንም መስመር በገዛ እጄ በጥቁር ቀለም አጥፍቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ስም ማጥፋት ሊሉት እንደሚችሉ ይገባኛል፤ በጥንቃቄ ቢያነቡት ግን በዋናነት የጠፋው ስም የእኔ መሆኑን ያያሉ። ሩፈይዳን እዚህ ይቅርታ አልጠይቃትም። በአደባባይ የተጠየቀ ይቅርታ ሰውን ይቅር እንዲል ያስገድዳል፤ እሷን ከእንግዲህ በምንም ነገር ማስገደድ አልፈልግም።

እጄን ይዘው ሙያ ያስተማሩኝን፣ ካስተማሩኝም ሁሉ ዝምታን አጥብቀው ያሠለጠኑኝን እርስዎን፣ አላህ ከነኮሚቴዎ በጤና፣ በክብርና በደረቅ ጣሪያ ሥር ያኑርልኝ እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ በእርስዎ ፍርድ ንጹሕ፣ በራሴ ዘንድ ግን አደራ በላ የሆንኩ ታዛዥዎ፣

ኡመይር አባቦራ
ሄርማታ፣ ጅማ

ግልባጭ፦
– ለሩፈይዳ፤ በሳቢሪን እጅ፣ በሱቄ በር ላይ ከመለጠፉ ከአንድ ቀን አስቀድሞ፣ ከታች ያለውን ማስታወሻ ጨምሮ
– ለአራቱ የኮሚቴ አባላት፤ የዐይን ምስክሮች ስለሆኑ
– ለሱቄ በር

ማስታወሻ፦ በቃለ ጉባኤው ሳይመዘገብ የቀረ አንድ ትንሽ ነገር ስላለ፣ መዝገብዎ ጎዶሎ እንዳይሆን ልጨምርልዎ። የቢሮዎ በር ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ድምፅ አያስቀርም። ምርመራው አልቆ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሩፈይዳ ስለ ፍርዱ አልጠየቀችኝም። «ውስጥ ሴት ነበረች እንዴ? ሳቋ ሲሰማኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ማን ናት?» አለችኝ። እኔም የቢሮው ጸሐፊ ናት አልኳት። ማኅበራችን ሴት ጸሐፊ ኖሮት እንደማያውቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ እሷ ግን አታውቅምና «ማሻአላህ፣ አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጣት» ብላኝ ደረጃውን ወረደች።